አሊ ቢራ በደራሲነቱ የዝና አዳራሽ ይገባዋል ወይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ውስጥ የአሊ ቢራ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡ ጥያቄዎችን ሰብስቤ መልስ ጽፌላቸዋለሁ፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሊ ቢራ ማን ነው?

ድምፃዊ ነው፣ ገጣሚ ነው፣ ዜማ ደራሲ ነው። ኡድ የሚባለውን የዓረብ የክር መሣሪያና ጊታር ይጫወት ነበር። በ1947 እዚሁ ድሬዳዋ ተወለደ። የትውልድ ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነው። ገና ልጅ ሳለ አፍራን ቀሎ በሚባለው ቡድን መዝፈን ጀመረ። ቆይቶ አዲስ አበባ ወጣና ከክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ጋር ሠራ። ከዚያ በኋላ ስዊድንና ካናዳ ብዙ ዓመት ኖሯል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አረፈ፤ የተቀበረው ግን በተወለደባት ከተማ ነው።

ከልጅነቱ እስከ ሽምግልናው ስንቆጥር ከ50 ዓመት በላይ ዘፍኗል። ሠርግ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በርጫ ላይ ዛሬም ድምፁ አይጠፋም።

«ቢራ» የአባቱ ስም ነው?

አይደለም። በአፍራን ቀሎ መድረክ የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን «ቢራዳ በሪኤ» የሚል ነበር፤ ክረምቱ አልፎ ብራ መምጣቱን የሚያበስር ዘፈን። ሰው ልጁን በዘፈኑ ጠራው፣ በዚያው ጸናበት።

አፍራን ቀሎ ምንድን ነው?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የድሬዳዋ ወጣቶች ያቋቋሙት የሙዚቃ ቡድን ነው። ስሙን የወሰዱት ከአራቱ የቀሎ ልጆች፣ ማለትም ከአራት የኦሮሞ ጎሳዎች ነው፤ አላ፣ ኖሌ፣ ባቢሌና ኦቦራ። የሐረርጌ ኦሮሞ ሲያወራ እነዚህን ስሞች ሳይጠራ አይውልም።

በዚያን ዘመን በባንድ ታጅቦ መድረክ ላይ መዝፈን ማለት በአማርኛ መዝፈን ማለት ነበር። ኦሮምኛ በሠርግ፣ በዓውደ ዓመት፣ በገበያ ይዘፈን ነበር እንጂ ማይክራፎን ፊት የሚቀርብ ቋንቋ ነው ብሎ የሚያስብ ባለሥልጣን አልነበረም። ልጆቹ የሠርጉንና የበዓሉን ዜማ ወሰዱ፣ ከኡድና ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር አስተዋወቁት። ሕዝቡ ወደደው። መንግሥት ደግሞ ጠረጠረው። ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ጫናው በዛበትና ተበተነ።

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ዕድሜያቸው ነው። አሊ ሲገባ የአሥራዎቹ አጋማሽ ልጅ ነበር። ያኔ የግል ሸክላ አሳታሚ እንኳ አልነበረም፤ የአዲስ አበባው ሸክላ አሳታሚ አምሐ እሸቴ የራሱን ማተም የጀመረው በ1969 ነው። ስለዚህ የአፍራን ቀሎ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው የቀሩት በሰው ጆሮ ውስጥ ነው። አንድ ዘፈን በዚያ መንገድ አልፎ እኛ ጋ ከደረሰ፣ ዜማው ጠንካራ ስለነበረ ነው።

ለመሆኑ የዝና አዳራሽ ሲባል ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝኛው ሆል ኦፍ ፌም የሚሉት ነው። በአንድ ሙያ ላይ ዘላቂ አሻራ ያሳረፉ ሰዎች ተመርጠው ስማቸው የሚመዘገብበት ተቋም ነው። ከአንድ ምሽት ሽልማት የሚለየው ይሄ ነው። ሽልማት የዓመቱን ሥራ ያያል፤ አዳራሽ ግን ብዙ ዓመት የቆየውንና ጊዜ ያላሸነፈውን ሥራ ያያል።

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነው ሁለቱ አሜሪካ ውስጥ ናቸው። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ በ1983 ተቋቋመ፣ የመጀመሪያዎቹን በ1986 መዘገበ፣ ክሊቭላንድ ያለው ሙዚየሙ በ1995 ተከፈተ። አንድ ሰው ለዕጩነት የሚበቃው የመጀመሪያ ሥራው ለገበያ ከወጣ 25 ዓመት ሲያልፈው ነው። በ1969 የተቋቋመው የዘፈን ደራሲዎች አዳራሽ ደግሞ ለብቻው ነው፤ እዚያ የሚጠበቀው 20 ዓመት ነው። የሚታየውም ድምፅ ሳይሆን ድርሰት ነው። በዚህ ገጽ የዝና አዳራሽ ስል በልቤ ያለው ይህኛው ዓይነት ነው፤ ግጥምና ዜማ የሠራን ሰው በደራሲነቱ የሚመዘግብ።

እሱማ ታዋቂ አይደል እንዴ? ምኑ ተረሳ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት ሰዎች ልክ ናቸው። ስሙ ይታወቃል፣ ድምፁም ይታወቃል። የኦሮምኛ ሙዚቃ ንጉሥ ይሉታል፣ ይገባዋልም። የተዘለለው የደራሲነት ሥራው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሙዚቃ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ስለ አሊ ብትጠይቁ «ትልቅ የኦሮምኛ ዘፋኝ» ይላችኋል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ስለ ዜማ አካሄዱ፣ ስለ ኡድ አመታቱ፣ ስንኝ ስለሚሰብርበት ቦታ አንድ ነገር አይጨምርም። ስለ ጥላሁን ገሠሠ ወይም ስለ ማሕሙድ አሕመድ ግን ያው ሰው ሲያወራ ቢያመሽ አይደክመውም።

አንድ የሚታይ ማስረጃ ላንሳ። ፈረንሳዮች የሚያሳትሙት ኢትዮፒክ የተባለው የሲዲ ተከታታይ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓለም ያስተዋወቀ ትልቅ ሥራ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መውጣት ያዘ። ሙላቱ አስታጥቄ 4ኛው ላይ፣ ማሕሙድ 7ኛው ላይ፣ ዓለማየሁ እሸቴ 9ኛው ላይ፣ ጥላሁን 17ኛው ላይ፣ እማሆይ ጽጌማርያም 21ኛው ላይ አሉ። አሊ ቢራ የራሱን ቅጽ ያገኘው በ2013 ነው፤ 28ኛው ላይ። ያዘጋጁትን ሰዎች አመሰግናለሁ፣ ቅጹም ግሩም ነው። ግን ከማሕሙድ ጋር በአንድ ዘመን ሲሠራ የነበረ ሰው እስከዚያ ድረስ ለምን ቆየ? ወርቃማው ዘመን የሚባለው ታሪክ የተነገረው ከአዲስ አበባ የሸክላ ቤቶችና ከአማርኛ ዘፈን ተነስቶ ስለሆነ ነው። ምሥራቁ በዚያ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ነው የሚገባው።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ይሄኛው ከወዳጆቹ ወገን ነው። አሊ ለብዙ ሰው የትግልና የማንነት ምልክት ሆኗል። ምልክት የሆነን ሰው ደግሞ ሁሉም ያከብረዋል እንጂ ሥራውን ቁጭ ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ፎቶው ይሰቀላል። የትኛውን ዜማ መቼ እንደሠራ፣ ከማን ጋር እንደሠራ ግን በወጉ ተጽፎ አይገኝም።

ኦሮምኛ የማልሰማ ሰው ድርሰቱን በምን ልፈርድ?

ከኡዱ ጀምሩ። ኡድ ላይ ጊታር ላይ እንዳሉት ብረቶች የሉም። አንገቱ ልሙጥ ነው፤ ጣት ትክክለኛውን ቦታ በጆሮ ነው የሚያገኘው። በዚያ ላይ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ ትንሽ ስህተት እንኳ ወዲያው ይሰማል። አሊ ሲጫወት መግቢያው ላይ አጭር ሐረግ ያስቀምጣል። ከዚያ ድምፁ ይገባና ያንኑ ሐረግ ይወስዳል፤ ግን መጨረሻውን ያዞረዋል። ኡዱ ይመልስለታል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። ይህን ለመስማት አንድ ቃል ኦሮምኛ ማወቅ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ዝምታውን አድምጡ። ድምፁን አያስጨንቅም፣ አይጮኽበትም። ስንኝ ጨርሶ ወደ ሌላው ለመግባት አይቸኩልም፤ ሌላ ዘፋኝ በጩኸት የሚሞላውን ቦታ እሱ ይተወዋል። ምቱ ደግሞ የሐረርጌ ነው። ሸጎዬ ሲጨፈር ያየ ሰው ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው በዜማ ሲቀባበሉ ያውቃል፤ የአሊ ተቀባዮች ከእሱ ጋር የሚነጋገሩት በዚያው መንገድ ነው። በዚህ ላይ የሱዳንና የዓረብ ሙዚቃ ሽታ አለበት። ባቡሩ በ1902 ደርሶ ከተማዋን ከቆረቆራት ጀምሮ የመኑም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም ድሬ ላይ ተቀምጧል። ከተማዋ ውስጥ ያደገ ጆሮ አንድ ዓይነት ዜማ ብቻ ሰምቶ አያድግም።

ለግጥሙ ደግሞ ሰው ጠይቁ። ድሬ ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ጎረቤት አይጠፋም። አንድ ዘፈን ምረጡና ስንኝ በስንኝ እንዲነግራችሁ ለምኑት። የፍቅር ዘፈን የመሰላችሁ ስለ አገር፣ ስለ ትምህርት ወይም ስለ ስደት ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንዲህ አድርጎ ያልሰማው ሰው «ዜማው ደስ ይላል» ብሎ ያልፋል፤ ግማሹን ዘፈን ጥሎ ነው የሚያልፈው።

በአማርኛ ዘፍኗል?

አዎ። በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። ድሬ ላደገ ልጅ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው በሁሉም ውስጥ ያው አሊ መሆኑ ነው። ለመዝገቡ የሚያበቃው ግን የኦሮምኛ ሥራው ነው።

የክብር ዶክትሬት አግኝቷል፤ ምን ቀረው?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በሕይወት እያለ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙዎች ይህን ሳያገኙ አልፈዋል። ሲያርፍም ሕዝቡ በክብር ሸኝቶታል።

ዶክትሬቱ ሰውየውን አከበረ። ሥራውን ግን አልዘረዘረም፣ የዶክትሬት ተግባርም አይደለም። አንድ የ20 ዓመት የኡድ ተማሪ የአሊን ዜማዎች በኖታ ተጽፈው፣ ግጥሞቹን ከነትርጉማቸው፣ ቅጂዎቹን በየዓመታቸው ተደርድረው የሚያገኝበት ቦታ ያስፈልገዋል። ጥሩ የዝና አዳራሽ በግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ስም ጀርባ ይህን ነው የሚሠራው፤ መዝገብ ቤት አለው። እኔ የምጠይቀው በዋናነት መዝገቡን ነው።

ግጥምና ዜማውን ሁሉ የሠራው እሱ ነው?

ሁሉንም አይደለም። ብዙ ሥራ የራሱ ነው፣ የሌሎች ሰዎች ግጥምና ዜማም አለበት። አፍራን ቀሎ የጋራ ቤት ነበር። አዩብ አቡበከርን የመሰለ ገጣሚ፣ አሊ ሸቦን የመሰለ ድምፃዊ ከዚያ ነው የወጣው። ከዚህ በተጨማሪ ባለቤቱ የማይታወቅ የሠርግና የሸጎዬ ዜማ አለ፤ አሊ ወስዶ አዲስ መልክ የሰጠው።

ችግሩ ሁሉም በአንድ ስም መጠራቱ ነው። የድሮ ካሴት አንስታችሁ ሽፋኑን ተመልከቱ። ፊቱ ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ። ጀርባው ላይ የዘፈኖቹ ዝርዝር አለ። ግጥም የማን ነው? ዜማ የማን ነው? ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኮፒ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በእስክሪብቶ «አሊ ቢራ፣ ቁጥር 2» ተብሎ ብቻ ይጻፍበታል። ከዚያ ካሴት ያደመጠ ሰው ሁሉንም የአሊ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ይህ የአሊን ጥያቄ ያዳክማል ብዬ አላምንም። እንዲያውም በደራሲነት ይመዝገብ የምለው ለዚህ ነው። ደራሲ ሲመዘገብ ዘፈን በዘፈን መጣራት አለበት። የአሊ የሆነው የአሊ ይባላል፣ የአዩብ የሆነው የአዩብ ይባላል፣ የሕዝብ የሆነው የሕዝብ ይባላል። ምናልባት የአሊ ዝርዝር ከምናስበው ሊያጥር ይችላል። ቢያጥርም የሚቀረው ለእሱ ይበቃዋል።

ይሄ ነገር ፖለቲካ አይሆንም?

ዘፈኖቹ በፖለቲካ ውስጥ አልፈዋል፣ ያንን መካድ አይቻልም። ቋንቋው ከመድረክ ስለተገፋ ብቻ መዝፈኑ ራሱ አቋም ነበር። ደግሞም ከእሱ ጋር በሐሳብ የማይስማማ አድማጭ ይኖራል፣ መብቱ ነው።

ግን ሚዛኑ ዘፈኑ ይሁን። የአማርኛን ዘፋኝ ስንመዝን «ለየትኛው መንግሥት ዘፈነ?» ብለን አናቆመውም፤ ዜማውን ነው የምናየው። አሊንም በዚያው ሚዛን እንየው፣ አድልዎ አንጠይቅም። አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ ይህን የምጽፈው ውለታ ለመዋል አይደለም። ያደግኩበት ከተማ ድምፅ ነው። ከዚራ ሰፈርም ሆነ መጋላ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ የትኛውም ሠርግ ቤት ብትገባ እሱ ሲዘፈን ሁሉም ነው የሚነሳው።

የሐረሪና የሶማሌ ደራሲዎችስ? አሊ ብቻ ነው እንዴ?

የሐረር ሰዎች ይህን ሲያነሱ እውነት አላቸው። ጀጎል ውስጥ በሐረሪ የተሠሩ ዘፈኖች፣ በሶማሊኛ የተሠሩት፣ ከአሊም ይበልጥ የተረሱ ናቸው። ለእኔ አሊ በር ከፋች ነው። ስሙ የሚታወቅ ሰው መጀመሪያ ሲገባ ከኋላው ያሉትን መጠየቅ ይቀልላል። አንድ የምሥራቅ የዘፈን ደራሲዎች መዝገብ ቢቋቋም ድሬና ሐረር በአንድነት ቢይዙት ደስ ይለኛል፤ የሙዚቃ ጆሯቸው ለሁለት አይከፈልም።

አሜሪካ ያሉት አዳራሾች ሊቀበሉት ይችላሉ?

በዕድሜ ረገድ ደንባቸውን ድሮ አሟልቷል። ግን ቶሎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ በ2021 እና በ2022 ለሮክ አዳራሹ ዕጩ ሆኖ ሁለቱንም ጊዜ ሳይመረጥ ቀርቷል። ፌላን ያህል ስም ያለው አፍሪካዊ እንዲህ ከሆነ ሌላው ይታያችሁ። መራጮቹ የሚያውቁት በእንግሊዝኛ የተሸጠውን ነው።

የራሳቸውን ሰውም ያቆያሉ። ዋረን ዚቮን የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝና ደራሲ በ2003 ሞተ። ደራሲዎች ሁሉ የሚያደንቁት ሰው ነበር፤ አዳራሹ ያስገባው ግን በ2025 ነው፣ ያውም ለተፅዕኖ ፈጣሪዎች በሚሰጠው ዘርፍ። ስለዚህ የአሊን ጉዳይ ከክሊቭላንድ ደጅ ማስጠናት ትርፉ ድካም ነው። የእሱ ሥራ የሚመዘነው ቋንቋውን በሚሰሙ፣ ኡድ በሚያውቁ ሰዎች ነው። እነሱ ያሉት እዚህ ነው።

ዘፈኖቹን ለመሰብሰብና ለማሳየት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ አሊ ራሱ የደረሳቸው ገና ብዙ አሥርት ዓመታት የወራሾቹ ናቸው። በዚያ ላይ የግጥሙ፣ የዜማውና የቅጂው ባለመብት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ደራሲውን ለይቶ ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው የድሮ ዘፈን ጭኖ ብር ሲያገኝ የገጣሚው ልጅ አታውቅም። ስሙ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መጠየቅ ትችል ነበር።

ቤታችን የድሮ የአሊ ካሴት አለ፤ ምን ላድርገው?

በመጀመሪያ ደጋግማችሁ አታጫውቱት። የድሬ ሙቀት ክሩን ያደክመዋል፣ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ማጫወቻው ራሱ ክር የሚበላ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ አይጠገንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በማታዝኑበት ካሴት ሞክሩት። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት ይከላከላሉ። ከፀሐይም ከስፒከርም አርቃችሁ አቁሙት፣ የስፒከር ማግኔት ድምፁን ያበላሻል።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ፈልጉና አንድ ጊዜ በጥራት ይቅረጽ። ስልክ ስፒከር ላይ ደግኖ መቅረጽ አይሆንም፣ በገመድ ይሁን። ሁለቱንም ገጽ ሳይቆርጥ፣ ዝምታውንም ሳያወጣ ይውሰደው። ሽፋኑን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሱ፤ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ካለበት እሱንም። በመጨረሻ ካሴቱን የገዙት ሰው በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቁ፦ መቼ ተገዛ፣ ከየት ተገዛ፣ ይህን ግጥም ማን ጻፈው ይባል ነበር? መልሱን ከእነ ቀኑ ጻፉና ከፋይሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።